በሣጥን ውስጥ ያለው የዒድ ልብስ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበና ለንባብ እንዲመች የተሰናዳ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ከኢማም አንደበት የማይጠበቅ ይመስል ይሆናል። ስለ አሮጌ አንሶላ፣ ስለ መጋረጃ፣ ስለ መርፌና ክር እንነጋገራለን። ነገሩን ያነሣነው በምክንያት ነው። ዒድ በቀረበ ቁጥር ከሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ዘካተል ፊጥርና ስለ ዒድ ሶላት አፈጻጸም ሲሆኑ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚቀርቡ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከአንዲት እናት የደረሰን ነው። እኚህ እናት ባለቤታቸው ወደ አኺራ ከሄዱ ወዲህ ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ለዒድ አዲስ ልብስ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። ቤታቸው ውስጥ ግን ከደህናው ጊዜ የተረፈ ጠንካራ መጋረጃና ሁለት ሰፋፊ አንሶላዎች አሏቸው። መርፌ መያዝም ይችላሉ። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ «ለልጆቼ ከዚሁ ልስፋላቸው? ወይስ ሰው ‹መጋረጃ አለበሰቻቸው› ከሚለኝ ተበድሬ ልግዛላቸው?»

ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ዲናችን ስለዚህ ምን ያስተምራል የሚለው ነው። ሁለተኛው እፍረቱ ከየት መጣ የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ልብሱ እንዴት ተደርጎ ይሰፋል የሚለው ነው። በአላህ ፈቃድ ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ከነቢዩ ቤት እንጀምር

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሥዕል ያለበት መጋረጃ በቤታቸው ሰቅለው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ አዩትና አልወደዱትም፤ ከተሰቀለበትም አወረዱት። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሥዕል ክልከላ ሲነገር ነው። እውነት ነው፣ ትምህርቱ እሱ ነው። ነገር ግን የሐዲሱ መጨረሻ ላይ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያንን ጨርቅ ቆርጠው አንድ ወይም ሁለት መደገፊያ ትራስ ሠሩበት። መጋረጃው ከግድግዳው ወረደ እንጂ ጨርቁ አልተጣለም። የምእመናን እናት መቀሳቸውን አንሥተው ለሌላ አገልግሎት አዋሉት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይልቅ ለጥያቄያችን የቀረበ ነው። የሱረቱ ኑር 31ኛ አንቀጽ በወረደ ጊዜ ሙስሊም ሴቶች በኺማራቸው ደረታቸውን እንዲሸፍኑ ታዘዙ። ያኔ የመዲና ሴቶች ምን አደረጉ? ወደ ገበያ አልሮጡም፤ አዲስ ጨርቅ ከሻም እስኪመጣም አልጠበቁም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ በቤት ያላቸውን ወፍራም ልብስና ሽርጥ ከዳርና ከዳሩ ቀደው መሸፈኛቸውን ከዚያው አወጡ። ይህም በቡኻሪ ተዘግቧል። እንግዲህ አስተውሉ! በታሪካችን ከሁሉ የሚከበረው ሒጃብ፣ አላህን ፈጥኖ በመታዘዝ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ሒጃብ፣ በቤት ከተገኘ ጨርቅ የተቀደደ ነበር።

ሦስተኛው የአስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) በ622 (እ.ኤ.አ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ስንቁ ተዘጋጅቶ ማሰሪያ ጠፋ። አስማእ የወገብ መታጠቂያቸውን ለሁለት ቀደው አሰሩበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዛቱ ኒጣቀይን»፣ ማለትም የሁለት መታጠቂያዎች ባለቤት ተብለው ተጠሩ። ለሁለት የተቀደደ መታጠቂያ ለእኒህ ሴት የክብር ስም ሆነላቸው።

ስለ እጅ ሥራም አንድ እንጨምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው መካከል ፈጥና የምትከተላቸው እጇ ረጅም የሆነችው እንደሆነች ነግረዋቸው ነበር። እነሱም የማን እጅ እንደሚረዝም ይለካኩ ጀመር። ከእሳቸው በኋላ መጀመሪያ ወደ አኺራ የሄዱት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ሲሆኑ ጊዜ ግን «ረጅም እጅ» ሰደቃ የሚያበዛ እጅ ማለት እንደነበረ ተረዱ። ዘይነብ በእጃቸው ይሠሩ ነበርና፣ ካገኙትም ይመጸውቱ ነበርና። ይህ በሙስሊም ተዘግቧል።

ወንዶች ይህ የሴቶች ወሬ ነው እንዳይሉን! ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ልብሳቸውን እንደሚሰፉና ጫማቸውን እንደሚጠግኑ ተናግረዋል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን ምግብ ጋብዟቸው አብረው እንደሄዱ፣ የገብስ ዳቦና ዱባ የገባበት መረቅ እንደቀረበላቸው ያወሳሉ። የልብስ ሰፊው ማእድ በቡኻሪ ገብቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። በአገራችንም ብንመለከት፣ የሐረር ጀጎልን የጎበኘ ሰው «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሲሰፉ ከመኪናቸው በሚሰማው ድምፅ የተሰየመ መንገድ ነው። ይህ ሙያ በመካከላችን የኖረና ብዙ ቤተሰብ በሐላል ያሳደገ ሙያ ነው።

እፍረቱ የት ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። እናትየዋን ያስጨነቃቸው የሰው አፍ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ይሉኝታ ስንቱን ቤት ለዕዳ ዳርጓል!

ኢማም ማሊክ በሙወጦእ እንደዘገቡት፣ አነስ (ረ.ዐ) ዑመርን (ረ.ዐ) የምእመናን መሪ በነበሩበት ወቅት ሲያዩዋቸው በሁለቱ ትከሻዎቻቸው መካከል አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ ሦስት እራፊዎች ተጥፈው ነበር። የፋርስና የሻም ምድር በእጃቸው የገባላቸው ሰው ናቸው እንዲህ የለበሱት። ያንን እራፊ አይቶ ዑመርን የናቀ ሰው በታሪክ አልተመሰገነም።

በሌላ በኩል ደግሞ ዲናችን መጎሳቆልን አላስተማረንም። ሀብት እያለው የተቦጫጨቀ ልብስ ለብሶ የመጣን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሀብቱ ጠይቀው፣ አላህ የሰጠው ጸጋ ምልክቱ እንዲታይበት መክረውታል። ሶሐባዎች ልብሳችንና ጫማችን እንዲያምር መውደዳችን ኩራት ነው ወይ ብለው በጠየቁ ጊዜም፣ አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ መለኪያው ሁለት ነው። ልብሱ ንጹሕና በወጉ የተሰፋ ይሁን፤ ልባችን ደግሞ በልብስ ሰውን የማይመዝን ይሁን። ከመጋረጃ የተሰፋ ቀሚስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጠርዙ ተዘምዝሞ ሲለበስ ውበት ነው። ከሱቅ የተገዛ ልብስ ለብሶ የጎረቤትን ልጅ ዝቅ አድርጎ ማየት ግን ኩራት ነው።

ዕዳውስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደሚያበዙት ሲጠየቁም፣ ባለዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቀጠሮም ሰጥቶ እንደሚያፈርስ ነው የመለሱት። ይህን በኑሯችን እናየዋለን። ለአንድ ቀን ልብስ የተበደረ አባት ባለገንዘቡ በር ሲያንኳኳ ልጁን «አባቴ የለም በይ» ብሎ ይልካል። ልጅቱ በዒድ ቀን ያገኘችው አዲስ ቀሚስ ነው፤ ከዒድ በኋላ የተማረችው ግን ውሸት ነው። ለሚያስጨንቅ ችግር መበደር በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ ለሰው ዓይን ሲባል ግን ይህን ሸክም መሸከም አይገባም።

ስለዚህ ለእኚህ እናትና መሰል ጥያቄ ላላቸው ሁሉ መልሳችን ይህ ነው። እመቤቴ፣ ይስፉላቸው። ልብሱ ሐላል ነው፣ ከዕዳ የጸዳ ነው፣ የእናት እጅ ያለበት ነው። ሶላት ይሰገድበታል፤ ዒድም ይወጣበታል። «መጋረጃ አለበሰቻቸው» የሚል ቢኖር የእርስዎ ሳይሆን የእሱ ልብ ይታከም።

በየቤታችን የተከማቸው ጸጋ

በሱረቱል አዕራፍ አላህ ልብስን ሐፍረታችንን የምንሸፍንበትና የምናጌጥበት አድርጎ እንደሰጠን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተቅዋ ልብስ እንደሆነ ይነግረናል። በዚያው ሱራ 31ኛ አንቀጽ ላይ ጌጣችንን በየመስገጃው እንድንይዝ ያዘናል፤ ቀጥሎም ከማባከን ይከለክለናል። መዋብና አለማባከን በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መምጣታቸው ትልቅ ትምህርት ነው። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ አባካኞች የሰይጣን ወንድሞች ተብለዋል።

ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምግብና ውኃ ነው። ልብስም ይጨመርበት። ጥጥ ከመሬት በቅሎ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ቀለም ገብቶ እስኪመጣ ስንት እጅ ደክሞበታል! አንሶላ ሲያረጅ የሚሳሳው ገላ የሚያርፍበት መሐሉ ነው፤ ግራና ቀኝ ዳሩ ግን ገና ጠንካራ ነው። የአባት ጀለቢያ በሱጁድ ጉልበቱ ላይ ይሳሳል፤ ጀርባው ግን እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ በአንድነት «አሮጌ» ብለን ለወለል መወልወያ እናደርገዋለን። ከዚያም ከቦንዳ የወጣ ሰልባጅ ልንገዛ መርካቶ እንወርዳለን። ሰልባጅ መግዛት ነውር አይደለም፤ የሰው አገር ሰው የለበሰውን ገዝተን የራሳችንን ደህና ጨርቅ መጣላችን ግን ያስገርማል።

ከመቀሱ በፊት

ከመቁረጣችን በፊት ልናስተውላቸው የሚገቡ የሸሪዓ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ የባለቤት ፈቃድ ነው። የባልን ጀለቢያ ሚስት፣ የሚስትን ሻሽ ባል፣ የእናትን ጋቢ ልጅ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ አይገባም። የመስጂድ መጋረጃና ምንጣፍ ወቅፍ ነው። ቢያረጅም ኃላፊዎቹ በሸሪዓው መሠረት ወስነው ጥቅሙን ለመስጂዱ ያውሉታል እንጂ ማንም «ተጥሎ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ አይወስደውም።

ሁለተኛ፣ ጦሃራ ነው። የሕፃናት አንሶላ ሽንት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ነጃሳው እስኪለቅ በንጹሕ ውኃ ከታጠበ ጠሃራ ነው። በደንብ ታጥቦ አልለቅ ያለ የቀለም ምልክት ቢቀር አይጎዳም፤ ይሰገድበታል።

ሦስተኛ፣ ስስነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡሳማ (ረ.ዐ) የግብፅ ጨርቅ ሰጥተውት ለባለቤቱ ባለበሳት ጊዜ፣ ቅርጿን እንዳያሳይ ከሥሩ ሌላ ልብስ እንድትደርብ አዘዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጨርቁን በመስኮት በኩል በብርሃን ፊት ይዘው እጅዎን ከኋላው ያድርጉ። የቆዳዎ መልክ ከታየ ብቻውን ለሴት የሶላት ልብስ አይሆንም፤ ገበር ይግባበት። ሻሽ መሳዩ የውስጥ መጋረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመደባል።

አራተኛ፣ ሥዕል ነው። አንበሳ፣ ወፍ ወይም ሰው ያለበትን ብርድ ልብስና መጋረጃ ለልብስ አናውለው። የዓኢሻን (ረ.ዐ) አርአያ ተከትለን ለመቀመጫና ለመደገፊያ ብናደርገው ይሻላል። አበባ፣ ቅጠልና መስመር ችግር የለባቸውም።

አምስተኛ፣ ሐር ነው። ለወንዶች የተከለከለው ከትል የሚገኘው እውነተኛው ሐር ሲሆን፣ ከ2 እስከ 4 ጣት የሚሆን ጠርዝ ግን በሐዲስ ተፈቅዷል። በየቤቱ የምናየው የሚያብረቀርቅ መጋረጃ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ሐር አይደለም። የአባት ልብስ ተቆርጦ የሴት ልጅ ቀሚስ ቢሆንም ከወንድ ጋር መመሳሰል አይባልም። የሚታየው የልብሱ አሰፋፍ ነው እንጂ ጨርቁ ቀድሞ የማን እንደነበር አይደለም።

አሠራሩ

ይህን ክፍል ስናዘጋጅ በስፌት ሙያ የኖሩ እህቶችንና ወንድሞችን አማክረናል። አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። መኪና የሌላት እናት በእጇ ልትሰፋው የምትችለውን ብቻ መርጠናል።

በቅድሚያ ጨርቁ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይተኮስ። ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ በኋላ ሊሰበሰብና ልኩን ሊያጣ ይችላል። ቀጥሎ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣቶች መካከል ይዞ መሳብ ነው። ከተተረተረ ሳስቷል፤ ያ ክፍል ይቅር። ብዙ ዓመት ፀሐይ የመታው መጋረጃ ውፍረቱ እያለ ሊሰበር ስለሚችል በተለይ በመስኮት በኩል የነበረው ገጹ ይፈተሽ። ለምልክት ጠመኔ ከሌለ ያለቀ ሳሙና ስባሪ ይበቃል፤ ሲታጠብ ይለቃል። በእጅ ሲሰፋ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሱ መስፋት ነው፤ እንዲህ ያለው ስፌት ቶሎ አይፈታም።

የመጀመሪያው ሙሉ የሶላት ልብስ ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 የሆነ ደህና አንሶላ ለአንዲት ሴት ኺማርና ጉርድ ያወጣል። አንሶላውን በረጅሙ በኩል 1 ሜትር ከ10፣ 1 ሜትር ከ10 አድርጎ ሁለት ቦታ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ጎኑ 2 ሜትር ይሆናል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህልም ለማሰሪያ ይተርፋል። ከአንሶላው መሐል የሳሳ ቦታ ካለ ከዚያ ቦታ ላይ ከውስጥ እራፊ ይደረብበታል።

ለኺማሩ አንዱን ቁራጭ 2 ሜትሩን ለሁለት ማጠፍ ነው። ከእጥፋቱ ጀምሮ በላይኛው ጠርዝ 27 ሴንቲ ሜትር ለፊት ክፍት ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠርዝ በሙሉ አንድ ላይ ይሰፋል። የተሰፋው በአገጭ ሥር ወደ ደረት የሚወርደው የፊት ክፍል ነው፤ እጥፋቱ ደግሞ በራስ ላይ አልፎ በጀርባ ይወርዳል። ከታች የቀረው ሹል ማእዘን ክብ ተደርጎ ይቆረጥና ጠርዙ ዙሪያውን ይዘምዘማል። 27 ሴንቲ ሜትር የሁሉም ፊት ልክ ስላልሆነ ከመስፋት በፊት በመርፌ ቁልፍ ይዞ መለካት ይገባል።

ለጉርዱ ሁለተኛውን ቁራጭ 2 ሜትሩን አገናኝቶ በአንድ ጎን መስፋት ነው። ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋና ለላስቲክ ማስገቢያ ትንሽ ክፍት ይተዋል። ላስቲኩ ከወገብ ልክ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነስ፤ በመርፌ ቁልፍ ተጎትቶ ዙሪያውን ይለፍ። ላስቲክ ከሌለ ከተረፈው ጨርቅ ማሰሪያ መሥራት ይቻላል። ከታች በቁመት ልክ ታጥፎ ይዘምዘማል።

ሁለተኛው ለወንድም ለሴትም ልጅ የሚሆን ጀለቢያ ነው። መጋረጃ ለዚህ ጥሩ ነው። ጨርቁ ውጫዊ ገጹ ወደ ውስጥ ተደርጎ ለሁለት ይታጠፍ፤ እጥፋቱ በትከሻ በኩል ይሁን። ልጁ አሁን የሚለብሰው ሰፋ ያለ ልብስ ከላዩ ይዘርጋና ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ምልክት ይደረግ። በቁመቱ ግን 6 ሴንቲ ሜትር ይጨመር፤ ታጥፎ ይሰፋና ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ሲያድግ ተፈትቶ ይለቀቅለታል። አንገቱ በመጀመሪያ ጠበብ ተደርጎ ይቆረጥ፤ የጠበበ አንገት ይሰፋል፣ የሰፋ አንገት ግን አይመለስም። ራስ እንዲያሳልፍ ፊት ለፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰንጠቅና ጠርዙ ይዘምዘም። ከእጅጌው ጫፍ በብብት አልፎ እስከ ታች በሁለቱም ጎን ይሰፋል። ብብቱ ላይ ያለው ጥምዝ እንዳይጎትት፣ ስፌቱን ሳይነካ ትናንሽ ቦታ በመቀስ ጫር ጫር ይደረግ።

ሦስተኛው ለትንሿ ልጅ ነው። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ የትራስ ልብስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆነች ልጅ ቀሚስ ይወጣዋል። የተዘጋው ጫፍ ይቆረጥና ይከፈት። በሁለቱም ጎን ከላይ ወደ ታች 12፣ ወደ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥምዝ ለክንድ ማውጫ ይቆረጥና ጠርዙ ይዘምዘም። ፊትና ኋላው ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋ። 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጥብጣቦች፣ አንዱ በፊተኛው አንዱ በኋለኛው እጥፋት ውስጥ ያልፉና በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ይታሰሩ። የትራሱ ልብስ አፍ ቀድሞውኑ የተዘመዘመ ስለሆነ ለቀሚሱ ጠርዝ ተጨማሪ ስፌት አያስፈልግም። ከውስጥ እጀ ረጅም ሹራብ ሲደረግበት ለብርድም ለአደብም ይሆናል።

ለአባቶች፣ ለልብስ ሰፊዎችና ለጀማዓዎች

አባቶች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ሌሊት ቁጭ ብለው የሰፉትን በልጆቻችሁ ፊት አድንቁ። አባት «ማሻአላህ» ያለበትን ልብስ ልጅ አያፍርበትም። አባት ፊቱን ያጠቆረበትን ግን ከየትኛውም ሱቅ ቢገዛ አይወደውም። ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች በሰገዱበት ቦታ ስለ ኢስራፍ ተናግረን፣ ቤታችን ገብተን «ይህ ምን ዓይነት ቡትቶ ነው?» ብንል ምክራችን ከደጃፍ አያልፍም።

ልብስ ሰፊ ወንድሞቻችን ሆይ፣ ከሰዎች ጨርቅ የሚተርፈው ቁርጥራጭ አማና ነው። ሰው በልማድ የሚተወው ቅንጥብጣቢ ይቅርታ አለው፤ ለልጅ ልብስ የሚበቃ ትራፊ ግን የባለቤቱ ነውና መልሱለት፣ ወይም አስፈቅዱት። ከፈቀደላችሁ በሰደቃ ስም የየቲም ልጅ ስፉበት። በወር ውስጥ አንድ ቀን ከዐስር እስከ መግሪብ መኪናችሁን ለሰፈራችሁ ችግረኞች ብታውሉት ደግሞ ለእጃችሁ በረካ ነው።

የየመስጂዱ ጀማዓዎችና የመድረሳ ኃላፊዎችም አንድ ነገር እንለምናችሁ። በየሰፈሩ መስፋት የሚችሉ እናቶች አሉ፤ ጨርቅ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ልብስ የሌላቸው ልጆችም አሉ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ ዒድ ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጨርቅ ይሰብሰብ፣ የልጆች ልክ ይወሰድ፣ እናቶችም ተሰባስበው ይስፉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶችም አብረው ተቀምጠው ይማሩ። ነገ ቤታቸውን የሚያግዙበት ሙያ ይሆናቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ለሰደቃ ስንሰጥ የተበጣጠሰውን ለይተን አንስጥ። አላህ በሱረቱል በቀራ፣ እኛ ራሳችን ብንሰጠው ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ነገር መርጠን እንዳንመጸውት ይከለክለናል። ለራሳችን ልጅ የማናለብሰውን ለየቲም አናልብስ። መሐሉ የሳሳውን አንሶላ ለራሳችን ትራስ እናድርገው፤ ጠንካራውን ደግሞ ለሰደቃ እናውጣው። ሰጥተንም በልጁ ፊት «ይሄ እኮ የእኛ መጋረጃ ነበር» አንበል። እንዲህ ያለው ንግግር ሰደቃን ያበላሻል፤ የተሸፈነውን ልጅ ደግሞ እንደገና ያራቁተዋል።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) መመሪያ እናስታውስ። ሴቶች ሁሉ ወደ ዒድ መስገጃ እንዲወጡ ባዘዙ ጊዜ፣ በወር አበባ ላይ ያሉት እንኳ ከሶላቱ ርቀው መልካሙን እንዲካፈሉ ነበር ያዘዙት። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ጂልባብ ስለሌላት ሴት ተጠየቁ። «ቤቷ ትቅር» አላሉም። ጓደኛዋ ከራሷ ጂልባብ እንድታለብሳት ነው ያዘዙት። ከዚህ ሐዲስ የምንረዳው የልብስ እጦት ማንንም ከዒድ ደስታ ሊያስቀር እንደማይገባ ነው። የማልበሱ ኃላፊነት ደግሞ ልብስ ባላት እህት ላይ ተጥሏል።

እንግዲህ ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት ሣጥናችሁን ክፈቱ። ያለውን ጨርቅ አውጡ፣ በብርሃን ፊት ያዙት፣ ጠንካራውን ከሳሳው ለዩ። ለልጆቻችሁ ስትሰፉ አንድ ልብስ ለጎረቤት ልጅ ጨምሩ። መርፌውንም «ቢስሚላህ» ብላችሁ ያዙት፤ ኒያችሁ አላህን ከሆነ እያንዳንዱ ስፌት በሐሰናት መዝገብ ይጻፍላችኋል።

አላህ ሆይ! ሐፍረታችንን ሸፍንልን፣ ከዕዳ ጠብቀን፣ በሰጠኸን የምንብቃቃ አድርገን። የየቲሞችንና የችግረኞችን ልብ በዒድ ቀን ደስ አሰኝልን። የእናቶቻችንን እጅ ባርክ፤ እኛንም የተቅዋን ልብስ አልብሰን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።